የቦርዶ ወይንና የዋግ ማር

እስቲ ቀረብ በሉ፤ በር ላይ የቆማችሁትም ግቡ፤ ልጆቹም ይስሙ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ወይን ነው፤ ስለ ፈረንሳይ ቀይ ወይን፣ ስለሚበቅልበት መሬት፣ ያንንም ወይን ይዞ ወደ አገራችን ስለዘለቀው ቤተሰብ። «ለዋግ ሰው የወይን ወሬ ምን ይረባዋል?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሰኝ። መንገዱ ረጅም ነው። ባሕር ተሻግረን ቦርዶ እንወርዳለን፣ ከዚያ በኮረም አድርገን ዝዋይ እንዘልቃለን፣ ከዚያም ዞረን እዚሁ ሰቆጣ እንገባለን፤ የተነሣሁበት ጉዳይም ያኔ ይገለጥላችኋል።

ደግሞስ የዋግ ሰው ወይን አያውቅም ያለው ማን ነው? ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ በቆመው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ፣ ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር ወይን አለ። እናቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ጧፍና ዕጣን፣ እጃቸው ሲፈቅድም ዘቢብ በመሐረብ ቋጥረው ይሄዳሉ፤ ዲያቆኑም ዘቢቡን ይዞ ቤተ ልሔም ይገባና በንጹሕ ውኃ ያጥበዋል፣ ይዘፈዝፈዋል፣ ተኮማትሮ የነበረው ፍሬ ውኃውን ጠጥቶ ሲያብጥ በእጁ ያሸዋል፣ ያጠልለዋል፣ ከዚያም ጭማቂው በጽዋ ሆኖ ወደ መቅደስ ይገባል። የወይን ዘለላ ከነቅጠሉ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የዋግ ገበሬ እንኳ የወይንን ፍሬ ደርቆ ያውቀዋል፤ ሲያውቀውም በአክብሮት ነው።

ነገሩ የዛሬም አይደለም። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ድረስ አገራችንን ዞሮ አይቶ ነበር። ያ ቄስ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ባደነቀበት በዚያው መጽሐፉ፣ ቅዳሴያችን ከዘቢብ በሚወጣ ጭማቂ እንደሚቀደስ ጽፏል፤ ከእሸት ወይን የሚጠመቀው ጠጅ ግን በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት የሚገኝ ነገር እንደነበረ አክሏል። ከእርሱም በኋላ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በይፋግ በኩል፣ የወይን አትክልት ነበረ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ ያለፉ መንገደኞች ያነሡታል። ኋላ በሽታ ገባበትና ጠፋ፤ ለእኛም ዘቢቡ ቀረልን።

እንግዲህ ባሕሩን እንሻገር።

በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ጠጋ ብሎ፣ ቦርዶ የሚባል ከተማ አለ። ጋሮን የተባለው ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፣ ከዚያም ዶርዶኝ ከተባለው ወንዝ ጋር ይገናኛል፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ዢሮንድ የሚባል ሰፊ ውኃ ይሆኑና ባሕር ይገባሉ። በዚያ ውኃ በስተ ግራ ያለው መሬት ብዙው ጠጠር ነው። የእኛ ገበሬ ቢያየው ለጤፍም ለማሽላም አይሆነኝም ብሎ ያልፈው ነበር። ወይኑ ግን ይስማማዋል፤ ዝናቡ በጠጠሩ መሐል ቶሎ ይሰርጋል፣ ሥሩም ውኃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀን ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይም ሌሊት ሙቀቱን ለዘለላው ይመልስለታል። እዚያ አገር መሬቱን፣ ቤቱንና መጥመቂያውን አንድ ላይ ሻቶ ይሉታል። ርስት ነው፤ አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ የሚያወርሰው፣ ሲከፋም የሚሸጠው ርስት።

በእነዚህ ርስቶች ላይ ዓመቱ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሥራ የሚያውቅ ሰው ሥራ ያከብራል። በታኅሣሥና በጥር፣ ብርዱ ሲበረታ፣ ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ ተኝቶ ሳለ፣ ሰዎች መቀስ ይዘው በየረድፉ ጎንበስ ብለው ይገርዙታል፤ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቀርና የትኛው እንደሚወገድ የሚያውቀው የገራዡ ዓይን ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ እምቡጡ ይፈነዳል፣ ያኔም ውርጭ ይመጣል ብለው ሌሊቱን ሳይተኙ የሚያድሩበት ጊዜ አለ። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ያብባል፣ በሐምሌና በነሐሴ ዘለላው ከአረንጓዴ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፣ ከዚያም መስከረም ይጠባል፣ እኛ አደይ አበባ ስንቆርጥ እነርሱ ዘለላ ይቆርጣሉ። ፍሬው ይጨመቃል፣ ግን ከልጣጩ አይለይም፤ ጭማቂው ብቻውን ውኃ የመሰለ ነውና፣ ቅላቱ ያለው ልጣጩ ላይ ነውና፣ አብረው እየፈሉ ይሰነብታሉ። ከዚያ ከባሉጥ እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ በትልልቆቹ ርስቶች ዓመት ከመንፈቅም ሁለት ዓመትም ይተኛል፣ በእንጨቱ በኩል ጥቂት በጥቂት እየተነፈሰ ይጎድላል፣ ጠባቂውም የጎደለውን እየሞላ ይጠብቀዋል፣ ከዚያም በጠርሙስ ይገባና እንደገና ይጠብቃል። በጠርሙሱም ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፤ ያበቀለው አገር፣ የጠመቀው ርስት፣ የተቆረጠበትም ዓመት።

የቦርዶ ስም ለምን ይህን ያህል እንደከበረ ደግሞ ስሙኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1855፣ የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ሳልሳዊ ናፖሊዮን በፓሪስ ታላቅ ኤግዚቢሽን አሰናድተው ነበርና የቦርዶ ወይን በደረጃ ተለይቶ እንዲቀርብ ተፈለገ። የቦርዶ ደላሎችም የየርስቱ ወይን ለብዙ ዘመን በስንት ሲሸጥ እንደኖረ አይተው ዝርዝር አወጡ፣ ከቀዮቹም ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦ ብሪዮን የተባሉትን አራት ርስቶች በአንደኛነት አስቀመጡ። ያ ዝርዝር ዛሬም ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሙቶን ሮትሽልድ የተባለው ርስት ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ከፍ ከማለቱ በቀር ከላይኛው ደረጃ የተነካ የለም።

መከራ ሳይደርስባቸው ቀርቶም አይደለም። ዝርዝሩ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ፊሎክሴራ የምትባል፣ በዓይን የማትታይ ያህል ትንሽ ተባይ ከአሜሪካ መጥታ የወይኑን ሥር እየበላች የፈረንሳይን ወይን አብዛኛውን አጠፋችው። አንበጣ ያየ የዋግ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እነርሱ ምን አደረጉ? ተባይዋን የሚችለውን የአሜሪካውን ወይን ሥር አመጡና የራሳቸውን ወይን በላዩ አዳቅለው ተከሉት፣ ከታች የሰው አገር ሥር፣ ከላይ የአባታቸው ወይን፣ እንዲህ አድርገው ርስታቸውን መለሱት። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1935 ሕግ አወጡ፤ በቦርዶ መሬት ላይ ያልበቀለ፣ እንደ ቦርዶ ደንብ ያልተጠመቀ ወይን ቦርዶ ተብሎ እንዳይሸጥ። የአገራቸውን ስም በሕግ አጠሩት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ቤተሰቡ። በዚያው በቦርዶ ከስፔን የተሰደዱ አንድ ሰው ይኖሩ ነበር፤ ርስት የላቸውም፣ በሰው የወይን እርሻ እየሠሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ከልጆቹ አንዱ ፒየር ይባላሉ፣ የተወለዱትም እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ዘጠኙ ወንድማማችና እህትማማች አንድ ሆነው በስማቸው የወይን ንግድ አቆሙ። ካስቴል ይባላል። የሚሸጡት ወይን የነላፊት ዓይነት አልነበረም፤ የሠራተኛ ገበታ ላይ የሚቀርብ ወይን ነበር። ንግዱ ግን አደገ፣ ርስትም ገዙ፣ ከዚያም ፒየር ካስቴል ወደ አፍሪካ ተሻግረው ወደ ቢራ ገቡ፣ በብዙ አገርም ቢራ ጠመቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ አዲስ አበባ መጥተው የቅዱስ ጊዮርጊስን ቢራ ፋብሪካ ከመንግሥት ገዙ። ወይኑ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያመጣጡንም ነገር ዝዋይ ደርሰን እነግራችኋለሁ።

ዝዋይ ለመድረስ ግን መንገድ እንጀምር፣ ከእኔ ጋር ተነሡ። ከሰቆጣ በማለዳ ነው የሚወጣው፣ ጉሙ ከሸለቆው ሳይነሣ፣ የፍየሉ ጩኸት ከየበረቱ ሳለ። መኪናው ገደሉን እየታከከ ወደ ምሥራቅ ያቀናል፣ ተራራ ወጥቶ ተራራ ይወርዳል፣ ቁልቁል ሲታይ የደረቀ የወንዝ አሸዋ በፀሐይ ያብለጨልጫል፣ ሽቅብ ሲታይ በእርከን ላይ እርከን የተሠራ ማሳ አለ፣ ከዚያም ኮረም ይገባል።

ኮረም ላይ ትንሽ እንቁም። መቆም ይገባናል።

በ1977 ዓ.ም. የዋግ ሰው ይህን መንገድ በእግሩ ሄዶታል። ከዝቋላ፣ ከደሃና፣ ከአበርገሌ፣ ከሰቆጣ፣ ልጁን በጀርባው አዝሎ፣ ሽማግሌውን በቃሬዛ ተሸክሞ፣ እህል ኮረም አለ ሲባል ሰምቶ የሄደ ብዙ ነው፤ ሳይደርስ የቀረም ብዙ ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ አረጋውያን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁና አላበዛውም። በዚያ ዓመት ጥቅምት 13 ቀን ማይክል ቡርክ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ከኮረም የላከው ዜና፣ ሞሐመድ አሚን የሚባል ኬንያዊ ካሜራውን ይዞ ያነሣው ፊልም፣ በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። ካዩት ሰዎች አንዱ ቦብ ጌልዶፍ የሚባል የአየርላንድ ዘፋኝ ነበር፤ አይቶ ዝም አላለም፣ ጓደኞቹን ሰብስቦ ዘፈን አወጣ፣ በሐምሌም በለንደንና በፊላደልፊያ አንድ ታላቅ የሙዚቃ ድግስ አስተባበረ፣ ገንዘብም ተሰበሰበ። የኮረም ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ የተሰማውም በረሃብ ነው።

የሰቆጣም ስም እንዲሁ ሆነ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የምግብ እጥረት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑን በሰቆጣ ስም ሰየመው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። መልካም ሥራ ነው፤ እግዚአብሔር ይፈጽመው እላለሁ፣ ልጆቻችን ናቸውና። ግን ወገኖቼ፣ ሰው ስለ ሰቆጣ በሩቅ አገር ሲያነብ የሚያነበው በችግር ወረቀት ላይ መሆኑ ያንገበግበኛል፤ አልሸሽጋችሁም። ቦርዶም ተባይ በልቷታል፣ ውርጭ መትቷታል፣ ስሟ የሚጠራው ግን ባፈራችው ነው።

እንቀጥል። ከኮረም በግራካሕሱ ጠመዝማዛ ቁልቁል ይወረዳል፣ ጥዱን አልፈን አላማጣ ሜዳ ላይ ሙቀቱ ፊታችንን ሲመታን ነጠላችንን እንገልጣለን፣ በቆቦ፣ በወልድያ፣ በደሴ አድርገን፣ ጣርማበር ላይ በደመና ውስጥ አልፈን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ተመልሰን ነጠላችንን ተከናንበን፣ አዲስ አበባ እንገባለን።

አዲስ አበባ ላይ ወይን ከካስቴል በፊትም ነበረ፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ዕዳ ይሆንብኛል። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ የተቋቋመ ነው። ጉደርንና አክሱማይትን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም፤ በሠርግ ላይ፣ በክርስትና ላይ፣ በጠረጴዛ መሐል ሲቆም ኖሯል። ይህ ፋብሪካ ለብዙ ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሸጥ፣ ከገዙት አንዱ ኤይት ማይልስ የተባለው የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት ነው፤ የዚያ ድርጅት ሰብሳቢ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ያ ቦብ ጌልዶፍ። የኮረምን ረሃብ አይቶ ያለቀሰው ሰው ከ29 ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ ወይን ላይ ገንዘብ አፈሰሰ። እኔ ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እህል ከምትመጸወት አገር ጋር የጀመረ ዝምድና ወይን ከምትጠምቅ አገር ጋር ወደ መነገድ ከደረሰ፣ ወደ ክብር ተራምዷል ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ደግሞ ወደ ደቡብ፣ በሞጆ ታጥፈን፣ መቂን አልፈን፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ዝዋይ እንደርሳለን፤ ዛሬ ባቱ ነው የምትባለው። ሐይቁ ሰፊ ነው። በመሐሉ ደሴቶች አሉ፣ ከደሴቶቹም በአንዱ ላይ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚያ ተሸሽጋ እንደነበረች አባቶች ይተርካሉ። ምድሩ ቆላማ ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል፣ አፈሩ አሸዋማ፣ ግራሩ ጥላውን ዘርግቶ የቆመበት ሜዳ ነው።

የካስቴል ወይን የተተከለው እዚህ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ፒየር ካስቴልን «ቢራውን ጠመቃችሁ፣ ወይኑንስ ለምን አትተክሉም?» በሚል መንፈስ እንደጋበዟቸው ይነገራል፤ አገሪቱ ከረሃብ ሌላ ስም እንዲኖራትም ፈልገው ነበር ይባላል። እንግዲህ በ2000 ዓ.ም. ዙሪያ፣ እኛ ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ሰሞን፣ ችግኙ ከቦርዶ ተጭኖ መጣ፣ በዝዋይ አሸዋ ላይም በረድፍ በረድፍ ተተከለ፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን የሚባሉት ለቀዩ፣ ሻርዶኔ ደግሞ ለነጩ። 120 ሄክታር ነው፣ 750,000 ያህል ግንድ። አንድ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ረድፉን ልከተል ቢል ፀሐይ ትጠልቅበታለች።

የተከሉት ፈረንሳዮች አዲስ ነገር ገጠማቸው። በአገራቸው ወይኑን የሚያስተኛው ብርድ ነው፤ እዚህ ብርድ የለም፣ ወይኑም እንቅልፍ የለውም፣ ሁልጊዜ ላብብ ላፍራ ይላል። ስለዚህ ብርዱ የሚሠራውን በመግረዝና ውኃውን በመመጠን መሥራት ግድ ሆነ፤ ዓመቱን የሚያዞረው ሰማዩ መሆኑ ቀርቶ የሰው እጅ ሆነ። ያ እጅ ደግሞ የአገራችን ልጆች እጅ ነው። አውሬውም አለ። በቦርዶ ርስት ዙሪያ ጅብ አይዞርም፤ በዝዋይ ግን ጅቡም ጉማሬውም ዘንዶውም ከሐይቁና ከጫካው እየወጣ እንዳይገባ በእርሻው ዙሪያ 2 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፈረ። ዘለላ የሚቆርጡት ሴቶች ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው፣ በግራ እጃቸው ዘለላውን ከሥር ደግፈው፣ በቀኛቸው በመቀስ ቀጭኗን ዘንግ ይቆርጧታል፣ የበሰበሰች ፍሬ ካለች በጥፍራቸው ፈልቅቀው ይጥሏታል፣ ከዚያም ዘለላውን ሳይወረውሩ በሣጥኑ ውስጥ ያስተኙታል። አንዲት የታመመች ፍሬ በርሜሉን ሙሉ ታበላሻለችና።

ችግኝ ከተተከለ በኋላ እስኪያፈራ ሦስት አራት ዓመት ይጠበቃል፣ ካፈራም በኋላ ይጠመቃል፣ ይተኛል። ስለዚህ የዝዋይ ወይን በጠርሙስ ሆኖ ገበያ የወጣው በ2006 ዓ.ም. ግድም ነው። ስሙን ምን አሉት? ቦርዶ አላሉትም፤ ሊሉትም አይችሉም፣ የራሳቸው ሕግ ይከለክላቸዋል። በኢትዮጵያ የበቀለ ነውና ከምድሩ ስም አወጡለት፤ አንዱን ሪፍት ቫሊ አሉት፣ በስምጥ ሸለቆው፤ ሌላውን አካሲያ አሉት፣ በግራሩ። እነሆ አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ መጥቶ፣ የእኛን ሸለቆና የእኛን ግራር በጠርሙስ ላይ ጽፎ፣ ወደ ውጭ አገር ላከው። በሩቅ አገር ያለ ወገናችን ያንን ጠርሙስ በምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲያይ አገሩን ያነብበታል።

እንግዲህ ዞረን እንመለስ፤ ጉዳዬ ከዚህ በኋላ ነው።

ዋግ ወይን የላትም። ዋግ ያላት ማር ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ያ ዓመቱን ሙሉ ግራጫ የነበረው ዳገት መንተሴው ያብብበታል፣ አደዩ ያብብበታል፣ ቆላው ደግሞ በተራው ግራሩ ያብባል፣ ንቡም ከየጎጆው ጥግ ከተደረደረው ቀፎ እየወጣ ይሠማራል። ማሩ የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ የቦርዶ ሰዎች ዘለላቸውን ቆርጠው ጠጁ በጋን ሳለ ማለት ነው። ድንጋያማ መሬት፣ ትንሽ ዝናብ፣ ብዙ ፀሐይ፤ ወይኑን ያከበረው መሬትና ማሩን ያከበረው መሬት በዚህ ይገናኛሉ።

አንድ የዋግ ንብ አናቢ ማር ሲቆርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ ግን ዛሬ እንደ እንግዳ ሆናችሁ እዩልኝ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃል፤ ንቡ ወደ ቤቱ እስኪገባ። ከጭራሮ ተጎንጉኖ በጭቃና በእበት የተለሰነውን ቀፎ በጣቱ መገጣጠሚያ ቀስ ብሎ ያንኳኳል፣ ጆሮውን አስጠግቶም ያዳምጣል፤ ድምፁ የሞላ ከሆነ ማር አለ፣ ባዶ ከሆነ ጊዜው ገና ነው። ከዚያ የቀፎውን ክዳን ያላቅቃል፣ ኩበቱን አጭሶ በአፉ እፍ እያለ ጢሱን ወደ ውስጥ ይሰዳል፣ ንቡ ወደ ኋላ ሲሸሽ እጁን ሰዶ በስለት ሰፈፉን አንድ በአንድ ይቆርጣል፣ በገበቴም ያኖረዋል። ሁሉንም አይቆርጥም። ከወደ ኋላ ያለውን ለንቡ ይተወዋል፣ የበጋው ስንቅ ነውና። ይህን ማንም አላስተማረው፤ ከአባቱ ያየው ነው።

ያ ማር ሲረጋ ነጭ ነው። ወደ ጠጅ ሲሄድ ደግሞ ወይዘሮዋ ጋኑን በግራዋ ታጥባዋለች፣ በወይራ ታጥነዋለች፣ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ትበጠብጣለች፣ ጌሾውን ትጨምራለች፣ አፉን ትሸፍናለች፣ ከዚያም ትጠብቃለች፤ ሲፈላ ድምፁን እየሰማች፣ ሲሰክን ሽታውን እያየች። ከዚህ በላይ የጠማቂ ዕውቀት በየትኛው ሻቶ አለ? ዋግ ሹሞች ግብር ሲያበሉ በአዳራሻቸው የተቀዳው ጠጅ ከዚሁ ማር ነው። የዛጉዌ ዘር ነን የሚሉት እነዚያ ሹሞች ሲነሡም ንቡ አብሮ ይነሣል፤ ቅዱስ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከብበውት ነበር፣ እናቱም ያንን አይታ ንጉሥ እንደሚሆን ዐወቀች ብለን ስንሰማ ያደግን ነን።

ታዲያ ይህ ማር ከሰቆጣ ገበያ በጣሳና በጀሪካን ተጭኖ ሲወጣ ስሙን እዚሁ ጥሎ ይሄዳል። ነጋዴው ከሌላው ማር ጋር ይቀላቅለዋል፣ ከተማ ሲደርስ «ነጭ ማር» ይባላል፣ አንዳንዴም የሌላ አገር ስም ይሰጠዋል። ገዢው ይቀምሰዋል፣ ያደንቀዋል፣ ከየት እንደመጣ ግን አይጠይቅም፣ ቢጠይቅም የሚነግረው የለም። የሰሜኑ ጦርነትም በዚህ በኩል አልፎ ቀፎው የተሰበረበት፣ ንቡ የተሰደደበት ቤት ብዙ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ቀፎውን መልሶ የጎነጎነ፣ መንጋውን መልሶ ያሰፈረ ገበሬ የሥራውን ስም መነጠቁ ከዋጋውም በላይ ያሳዝነኛል።

አይቻልም የሚል ካለ ቡናውን ይመልከት። ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች የኢትዮጵያ መንግሥት በውጭ አገር አስመዝግቦ የራሳችን ናቸው ብሎ ተከራከረ፣ ስታርባክስ የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ ቡና ቤትም ብዙ ካንገራገረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ተስማማ። የዝዋይ ወይን በተተከለበት ዘመን መሆኑ ነው። ይርጋጨፌ አንዲት የገጠር ከተማ ናት፤ ዛሬ በቶኪዮም በኒውዮርክም ስሟ በከረጢት ላይ ይነበባል። ሰቆጣ ከይርጋጨፌ በምን ታንሳለች?

ስለዚህ ማር ቆራጮች ስሙኝ፤ የማኅበራት ሰዎች፣ በሰቆጣ የእርሻ ምርምር ማዕከል የምትሠሩ ልጆቻችን፣ የዞኑም ሹማምንት አብራችሁ ስሙኝ። በዚህ ጥቅምት ማሩን ስትቆርጡ የደጋውን ከቆላው፣ የመንተሴውን ከግራሩ አትቀላቅሉት። ጣሳውን እጠቡ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ በላዩም በጉልህ ጻፉበት፤ የዋግ ማር ብላችሁ፣ ደሃና ከሆነ ደሃና፣ ዝቋላ ከሆነ ዝቋላ፣ ሰቆጣ ከሆነ ሰቆጣ፣ ከነወሩ ከነዓመተ ምሕረቱ። ሹማምንቱም ስሙን በሕግ አስመዝግቡት፣ ሌላ ሳይወስደው። እናንተም አዲስ አበባ ያላችሁ የዋግ ልጆች፣ ማር ስትገዙ ከየት ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ነጋዴው እስኪመልስላችሁ ድረስም ብራችሁን አታውጡ።